ሮቦትን በራዲዮ ሪሞት መንዳት፦ ከገመድ ቅጠላ እስከ መጀመሪያው ዙር

«ሪሞቱን ከፍቻለሁ፣ ሮቦቱም መብራት አለው፤ ግን ወደ ፊት ስለው በቦታው ይሽከረከራል።» «የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ሮቦቱ ብቻውን ሮጦ ከግድግዳ ጋር ተላተመ።» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቃላቸውን እየቀያየሩ ሳይመጡ የሚያልፉበት ሳምንት የለም። መልሳቸው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ስላልሆነ ሥራውን ከመጀመሪያው ገመድ አንስተን በተራ አስቀምጠነዋል።

መመሪያው መሪ ለሌለው፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች (ወይም ሰንሰለት) የፍጥነት ልዩነት ለሚታጠፍ ሮቦት ነው። ሪሞቱ ተማሪዎችና ጀማሪዎች እጅ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 6 ቻናሉ ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6፣ ሪሲቨሩ (ሮቦቱ ላይ ተቀምጦ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ደግሞ አብሮት የሚሸጠው ኤፍኤስ-አይኤ6ቢ ነው። ሌላ ሪሞት ከያዙ የሜኑው ስም ይለያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። በተለይ አንዱን አደራ እንላለን፦ ሮቦቱ ግንኙነት ሲቋረጥ መቆሙ ሳይረጋገጥ (እርምጃ 9) ጎማው መሬት አይንካ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሪሞትና ሪሲቨር፣ ከማጣመሪያ ገመዱ ጋር። ገመዱ አጭር ነው፤ አንድ ጫፉ ላይ ብቻ ሶኬት አለው። ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።
- ለሪሞቱ 4 ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ።
- ባለ ብሩሽ ሞተር የሚነዳ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያዞር ስፒድ ኮንትሮለር፤ ባለ ሁለት ቻናል አንድ፣ ወይም ባለ አንድ ቻናል ሁለት።
- 3ኤስ (ሦስት ሴል ያለው) ሊፖ ባትሪ፣ 2200 ሚሊ አምፔር-ሰዓት፣ 25ሲ (ባትሪው በአንዴ ማውጣት የሚችለው የአምፔር ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ።
- ሊፖን የሚያመጣጥን ባላንስ ቻርጀርና በባትሪው ነጭ ሶኬት ላይ የሚሰካ የቮልት ማንቂያ።
- ፊውዝ ከነመያዣው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ቢጫው ባለ 20 አምፔር ለዚህ መጠን ሮቦት ይሆናል።
- ዋና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢያንስ 20 አምፔር የሚችል። የቤት አምፖል ማብሪያ እዚህ አይሠራም፤ ውስጡ ይቀልጣል።
- ለባትሪና ለሞተር መስመር ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ለስላሳ ገመድ፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር።
- «104» የሚል የተጻፈባቸው የሴራሚክ ካፓሲተሮች፣ ለእያንዳንዱ ሞተር 3።
- መልቲሜትር፣ መበየጃ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ የገመድ ማሰሪያ ፕላስቲክ።
- ሮቦቱን የሚያስቀምጡበት ሳጥን ወይም ሁለት ጡብ፣ ጎማው አየር ላይ እንዲቀር።

ስለ ስፒድ ኮንትሮለሩ አንድ ነገር እንጨምር። ለአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ሰሌዳ) ትምህርት የተገዛውን ቀዩን ኤል298ኤን የሞተር መንጃ ሰሌዳ ከሪሲቨሩ ጋር በቀጥታ ለማገናኘት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። አይሠራም። ሪሲቨሩ የሚያወጣው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ አጭር ምት ነው፤ የምቱ ርዝመት 1000 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ አንዱ ጫፍ፣ 2000 ከሆነ ሌላው ጫፍ፣ 1500 ከሆነ መሃል ማለት ነው። ኤል298ኤን ይህን አያነብም፤ ምቱን የሚተረጉምለት አርዱዊኖ መሃል ላይ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ከባትሪው ወደ 2 ቮልት ገደማ በሙቀት መልክ ይበላል። «ለአርሲ» (በራዲዮ ለሚነዱ) ተብሎ የተሠራ ስፒድ ኮንትሮለር ይግዙ፣ ጣጣው ያልቃል።

መጠኑን ሲመርጡ ሞተሩ በነፃ ሲዞር የሚወስደውን አምፔር ሳይሆን ተይዞ ሲቆም የሚወስደውን ይመልከቱ። አንድ ሞተር ተይዞ 5 አምፔር ቢስብና በአንድ ጎን ሁለት ሞተር ቢኖር፣ ያ ጎን 10 አምፔር ይጠይቃል። ሮቦቱ ግድግዳ ሲገፋ ወይም ምንጣፍ ላይ በቦታው ሲዞር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ኮንትሮለር የሚቃጠለውም በሩጫ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ሊፖ ባትሪ ላይ መቀለድ የለም። ሙሉ ሲሆን በሴል 4.2 ቮልት ነው፣ 3ኤሱ በአጠቃላይ 12.6። በሴል ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ስለዚህ ማንቂያውን 3.5 ላይ ያድርጉት። ያበጠ፣ የተወጋ ወይም የተጨመቀ ባትሪ አይሞላም፣ ሮቦት ላይም አይታሰርም። ሲሞሉ አጠገቡ ይቆዩ፤ ከሥሩ ሸክላ ወይም ሲሚንቶ፣ ከአጠገቡ ደረቅ አሸዋ ይኑር። የመሙያው አምፔር ለ2200ው ባትሪ 2.2 ነው፤ «ቶሎ ይሙላ» ብሎ ከዚያ ማሳለፍ ዕድሜውን መቁረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ እንደ አይማክስ ቢ6 ያሉት ቻርጀሮች ከ11 እስከ 18 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቀበሉ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ።

ባትሪው በተሰካበት ሰዓት ጣት፣ ጸጉር፣ የነጠላ ጫፍ ወይም የአንገት ማሰሪያ ወደ ጎማና ወደ ማርሽ ጥርስ አይጠጋ። ገመድ ሲቀጥሉ ባትሪው ይነቀላል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም።

አሠራር

1. ሮቦቱን ከመሬት ያንሱት

ሳጥኑ ወይም ጡቡ ላይ ያስቀምጡትና ጎማዎቹ በሙሉ በነፃ መዞራቸውን በእጅ ያረጋግጡ። እስከ እርምጃ 10 መጨረሻ እዚያው ይቆያል። በዚህ መሃል ሞተሮቹ ባልታሰበ ሰዓትና ወዳልታሰበ አቅጣጫ መነሣታቸው አይቀርም፤ ጠረጴዛ ላይ በጎማው የቆመ ሮቦት ወለሉ ላይ ወድቆ ነው የሚያቆመው።

2. ገመዱን ይቀጥሉ

መስመሩ እንዲህ ነው፦ ከባትሪው ቀይ ገመድ ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ስፒድ ኮንትሮለሩ ፕላስ። ጥቁሩ በቀጥታ ወደ ማይነሱ። ፊውዙ ለባትሪው በጣም ቅርብ ይሁን፤ ገመዱ የትም ቢላጥና ቢነካካ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው ያለ ጥበቃ የሚቀረው።

በአንድ ጎን ያሉ ሁለት ሞተሮች አንድ ላይ ታስረው ወደ አንድ የኮንትሮለር መውጫ ይገባሉ። ከኮንትሮለሩ የሚመጡትን ሁለት የምልክት ገመዶች ሪሲቨሩ ላይ ቻናል 1 እና ቻናል 2 ላይ ይሰኩ። የገመዱ ቀለም ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ምልክት ነው፤ ቀዩ ፕላስ፣ ጥቁሩ ወይም ቡኒው ማይነስ። ሪሲቨሩ ላይ የታተመውን ምልክት አይተው ያዛምዱ፤ ተገልብጦ ቢሰካ ሪሲቨሩ አይነሣም።

ሁለት ለየብቻ የሆኑ ኮንትሮለሮች ከተጠቀሙና ሁለቱም በውስጣቸው 5 ቮልት የሚያወጣ ቤክ (ለሪሲቨሩ ኃይል የሚሰጥ ክፍል) ካላቸው፣ ከአንደኛው ሶኬት ላይ ቀዩን ገመድ ብቻ መዘው አውጥተው በናስትሮ ይሸፍኑት። ሁለት ቤኮች አንድ ሪሲቨር ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ አንዳንዱ ይሞቃል፣ አንዳንዱም ይቃጠላል።

የሮቦቱ ክንድ ላይ እንደ ኤምጂ996አር ያለ ትልቅ ሰርቮ ካለ ኃይሉን ከሪሲቨሩ አይስጡት። ሰርቮው ተይዞ ሲቆም በ6 ቮልት 2.5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የኮንትሮለሩ ቤክ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። ለብቻው ባለ 5 ቮልት፣ ቢያንስ ባለ 3 አምፔር ዩቤክ (ከኮንትሮለሩ ተለይቶ የሚሸጥ ቤክ) ያድርጉለትና ማይነሱን ከሪሲቨሩ ማይነስ ጋር ያገናኙ። ማይነሱ ካልተገናኘ ምልክቱ ትርጉም ስለማይኖረው ሰርቮው ዝም ይላል ወይም ይንቀጠቀጣል።

3. ካፓሲተርና አንቴና

ብሩሽ ያለው ሞተር ሲዞር ውስጡ ጥቃቅን ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው በገመዱም በአየሩም ጫጫታ ይለቃል። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ አንድ «104» ካፓሲተር በሁለቱ እግሮች መካከል፣ አንድ አንድ ደግሞ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ የብረት ቆዳ ይበይዱ። የሞተሩን ቆዳ ቀድመው በአሸዋ ወረቀት ካልፈተጉት ብየዳው አይዝም። ሁለቱን የሞተር ገመዶች እርስ በርስ ይጠምዝዟቸው።

የሪሲቨሩ ሁለት አንቴናዎች አንዱ ቆሞ ሌላው ተኝቶ፣ በ90 ዲግሪ ይቀመጡ። ሮቦቱ ሲዞር አንዱ ባይሰማ ሌላው እንዲሰማ ነው። ከባትሪ፣ ከሞተርና ከብረት ይራቁ፤ ሻሲው አልሙኒየም ከሆነ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ (የስክሪብቶ ቀፎ ይበቃል) ወደ ላይ ያውጧቸው። ጫፉን ማጠፍና መቁረጥ ክልክል ነው፤ ርዝመቱ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ተለክቶ የተሠራ ነው።

4. ሪሞቱን ይክፈቱ

የላይኞቹ አራት ማብሪያዎች ሁሉ ወደ ላይ፣ የግራው ስቲክ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይሁኑ። ካልሆኑ አይ6 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ እየጮኸ ይቆማል፤ ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው። ማብሪያዎቹን ካስተካከሉ ራሱ ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ፦ ሲከፍቱ ሪሞት ይቀድማል፣ ሮቦት ይከተላል። ሲያጠፉ ሮቦት ይቀድማል፣ ሪሞት ይከተላል። ሮቦቱ አዛዡ የሌለበት አንድ ሰከንድም መኖር የለበትም።

5. ያጣምሩ (ባይንድ)

ሪሞትና ሪሲቨር አብረው ቢሸጡም ሁልጊዜ ተጣምረው አይመጡም።

ሀ) ሁለቱንም ያጥፉ። ማጣመሪያ ገመዱን ሪሲቨሩ ላይ «ቢ/ቪሲሲ» በሚለው ቦታ ይሰኩ።
ለ) ሮቦቱን ያብሩ። የሪሲቨሩ መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል።
ሐ) ሪሞቱ ላይ «ባይንድ ኪ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ ማብሪያውን ይክፈቱ።
መ) የሪሲቨሩ መብራት አኳኋኑን ሲቀይር ተጣምሯል። ማጣመሪያ ገመዱን ይንቀሉ፣ ሁለቱንም ያጥፉ፣ በትክክለኛው ተራ እንደገና ይክፈቱ።

አሁን መብራቱ ሳይቆራረጥ መብራት፣ የሪሞቱ ስክሪን ላይም የሪሲቨሩ ቮልት መታየት አለበት። ያቺን ቁጥር አይርሷት፤ ኋላ ላይ ብልሽት ስንፈልግ እንመለስባታለን። ማጣመሪያ ገመዱ ካልተነቀለ ሪሲቨሩ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሪሞት ፍለጋ ይገባል።

እዚህ እርምጃ ላይ ብቻ ሮቦቱ ከሪሞቱ ቀድሞ ይበራል። ጎማው አየር ላይ ያለውም ለዚሁ ነው።

6. ሜኑውን ያዘጋጁ

«ኦኬ»ን ለ2 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ሜኑው ይከፈታል። አንድ ነገር ከቀየሩ በኋላ ለማስቀመጥ «ካንስል»ን ተጭነው ይያዙ። በአጭሩ ነካ አድርገው ከወጡ የቀየሩት ይጠፋል። ነገሩ ግር ያሰኛል፤ «ካንስል» የሚለው ቁልፍ ሲያዝ ማስቀመጫ ነው። «አስተካክዬው ነበር፣ ተመልሶ ተበላሸ» የሚለው ጥያቄ ምንጩ ሁሌም እዚህ ነው።

በ«ሲስተም ሴትአፕ» ውስጥ «ሞዴል ሰሌክት» ገብተው ባዶ ቦታ ይምረጡ፣ በ«ሞዴል ኔም» ስም ይስጡት፤ «ታይፕ ሰሌክት» ላይ አውሮፕላን የሚለውን ይምረጡ። ሮቦት የሚል ምርጫ የለም። ሄሊኮፕተር ላይ ከሆነ ግን ቀጥሎ የሚያስፈልገን «ኤሌቮን» (ሁለቱን ጎኖች የሚያዋህደው ምርጫ) አያገለግልም።

የሮቦቱን ሩጫና መታጠፊያ በቀኙ ስቲክ እናድርገው። በሞድ 2 ሪሞት (ስፕሪንግ የሌለው ስቲክ በግራ በኩል የሆነበት) ላይ የቀኙ ስቲክ አግድሙ ቻናል 1፣ ቁመቱ ቻናል 2 ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሲለቁት በስፕሪንግ ወደ መሃል ይመለሳል። የግራው ስቲክ ቁመቱ (ቻናል 3) ስፕሪንግ የለውም፤ በለቀቁት ቦታ ይቆያል። ሩጫን እሱ ላይ ያደረገ ሰው እጁ ሲደነግጥ ሮቦቱ አይቆምለትም።

7. ሁለቱን ጎኖች ያዋህዱ

ስቲኩ ወደ ፊት ሲገፋ ሁለቱም ጎን እኩል መሄድ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ ግራው ወደ ፊት ቀኙ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ይህን ስሌት አንድ ቦታ ብቻ መሥራት አለበት፤ ወይ ስፒድ ኮንትሮለሩ፣ ወይ ሪሞቱ። ኮንትሮለሩ ውስጥ ሚክሲንግ (ይኸው ስሌት) ካለና በርቶ ከሆነ ሪሞቱ ላይ ምንም አይንኩ። ከሌለ ወይም ከጠፋ «ፈንክሽንስ ሴትአፕ» ውስጥ «ኤሌቮን»ን ያብሩ። ሁለቱም ቦታ ከበራ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሰዋል፤ ሮቦቱ አንዱ ጎኑ ብቻ የሚሠራ መስሎ ይታያል።

ኤሌቮን ሁለት ቁጥሮች አሉት፣ ሲበራ 50 እና 50 ናቸው። ትርጉሙ ስቲኩን እስከ ጥግ ወደ ፊት ቢገፉ ሞተሩ ግማሽ ትዕዛዝ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ እንዳለ ይተዉት። ከለመዱ በኋላ ሁለቱንም ወደ 100 ማሳደግ ይቻላል። ያኔ ግን ሙሉ ሩጫና ሙሉ መታጠፊያ አንድ ላይ ሲሰጡ የውጪው ጎን ድምር 200 ስለሚሆን 100 ላይ ይቆረጣል፣ የውስጡ ደግሞ 0 ይሆናል፤ ሮቦቱ በቆመው ጎማ ዙሪያ በኃይል ይዞራል። ብልሽት አይደለም። እኛ የምንመርጠው ለሩጫው 100፣ ለመታጠፊያው ከ50 እስከ 60 ነው፤ መታጠፊያ ሲበዛ ሮቦት አይያዝም።

8. አቅጣጫውን ያስተካክሉ

ስቲኩን በጥቂቱ ወደ ፊት፣ ከዚያ በጥቂቱ ወደ ቀኝ እየገፉ ጎማዎቹን ይመልከቱ። የሚገጥምዎት ከእነዚህ አንዱ ነው፦

- ወደ ፊት ሲሉት በቦታው ለመዞር ይሞክራል፣ ወደ ጎን ሲሉት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአንዱ ጎን ሞተር ተገልብጧል። የአንዱን ጎን (የትኛውም ይሁን) ሁለት የሞተር ገመዶች አቀያይረው እንደገና ይፈትሹ።
- ወደ ፊት ሲሉት ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ። የሁለቱንም ጎን የሞተር ገመዶች ያቀያይሩ።
- ወደ ፊት ልክ ነው፣ ቀኝና ግራ ተገልብጧል። ሪሲቨሩ ላይ የቻናል 1ን እና የቻናል 2ን ሶኬት ያለዋውጡ።
- ወደ ፊት ሲሉት ወደ ኋላ፣ ቀኝና ግራው ግን ልክ ነው። ሶኬቶቹንም የሁለቱን ጎን የሞተር ገመዶችም ያቀያይሩ።

ይህ ለኤሌቮን ተጠቃሚ ነው። ስሌቱን ኮንትሮለሩ የሚሠራ ከሆነ ከላይ በ3ኛውና በ4ኛው ሁኔታ ሶኬት ከማለዋወጥ ይልቅ «ሪቨርስ» ውስጥ ገብቶ የተገለበጠውን ቻናል ብቻ መገልበጥ ይቀላል።

የሚቀያየረው የሞተር ገመድ ነው። የባትሪ ገመድ ተገልብጦ ለቅጽበት እንኳ ቢነካ ኮንትሮለሩ ይሞታል።

ስቲኩን ለቀው ጎማው ቀስ ብሎ መዞሩን ከቀጠለ መሃሉ ስቷል። መጀመሪያ የስቲኩ ዙሪያ ያሉት ትሪሞች (መሃሉን በጥቂቱ የሚያርሙት ትናንሽ ቁልፎች) መሃል ላይ መሆናቸውን ይዩ። ቀጥሎ ሮቦቱን አጥፍተው ያብሩ፤ አብዛኛው ኮንትሮለር ሲነሣ ያገኘውን ምልክት «መሃል ይህ ነው» ብሎ ስለሚይዝ፣ በሚበራበት ሰዓት ጣትዎ ስቲኩ ላይ ከነበረ የተሳሳተ መሃል ይዟል። ይህም ካልፈታው «ሰብትሪም» ውስጥ ገብተው ጎማው እስኪቆም በትንሽ በትንሹ ያስተካክሉ።

9. ፌይልሴፍ፦ ግንኙነት ሲቋረጥ ይቁም

«ሲስተም ሴትአፕ» ውስጥ «አርኤክስ ሴትአፕ»፣ ከዚያ «ፌይልሴፍ» ይግቡ። ቀኙን ስቲክ ለቀው መሃል ላይ እያለ ቻናል 1ን እና ቻናል 2ን «ኦን» ያድርጉ፤ ሁለቱም ላይ የሚታየው ቁጥር 0% ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ መሆን አለበት። «ካንስል»ን ተጭነው ይዘው ያስቀምጡ።

የሚሽከረከር መሣሪያ ወይም የሚነክስ ክንድ በሌላ ቻናል ካለ፣ ለዚያም ቻናል የመቆሚያውን ቦታ ይዘው እንዲሁ ያስቀምጡ። ለእነዚህ መቆሚያው መሃል ሳይሆን ታች ሊሆን ይችላል፤ ኮንትሮለሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር ከሆነ 0% ማለት ግማሽ ፍጥነት ነው! ትሪም እንኳ ሳይነካ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

አሁን ፈተናው፦ ጎማው አየር ላይ እያለ ስቲኩን ወደ ፊት ገፍተው ይያዙ፣ ጎማዎቹ እየዞሩ ሪሞቱን በማብሪያው ያጥፉት። ጎማዎቹ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለባቸው። ካልቆሙ ሮቦቱ ለመሬት አልደረሰም፤ ወደ ሜኑው ይመለሱ። ወደ ኋላ እየነዱም ይድገሙት። ፈተናውን ሪሲቨር በቀየሩ፣ ዳግም ባጣመሩ፣ ሞዴል በቀየሩ ቁጥር ማድረግ የግድ ነው።

10. የርቀት ፈተና

አሁንም ጎማው አየር ላይ ሆኖ፣ አንድ ሰው ሮቦቱ አጠገብ ቆሞ ይመልከት። ስቲኩን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ 30 ሜትር ይራቁ፤ ጀርባዎንም ሰጥተው ይሞክሩ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ በሰው አካል ሲያልፍ ይዳከማል። ጎማው ከተቆራረጠ የአንቴናውን አቀማመጥ ይቀይሩ። አምራቾች የሚጽፉት ርቀት አየር ላይ ላለ አውሮፕላን ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ ሮቦት ከዚያ በጣም ያንሳል። የሪሞቱን አንቴና ጫፍ ሮቦቱ ላይ አያነጣጥሩ፤ ምልክቱ የሚወጣው ከጎኑ ነው፣ ከጫፉ በኩል በጣም ይደክማል።

ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ቢነዳ መጋጨት የለም፤ እነዚህ ሪሞቶች ድግግሞሽ እየቀያየሩ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ ሪሲቨር የሚሰማው የተጣመረውን ብቻ ነው።

11. መሬት ያውርዱትና ይንዱ

ቦታው ቢያንስ 5 በ5 ሜትር፣ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ይሁን። ኮብልስቶን ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም፤ ጎማው በየስንጥቁ ሲያዝ ስሕተቱ የእርስዎ ይሁን የመንገዱ መለየት ያቅታል። ሮቦቱን ፊቱን ከእርስዎ አዙረው ያስቀምጡ፣ ከኋላው ይቁሙ።

መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መሄድና መቆም ብቻ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በአግድም ትሪሙ አንድ አንድ ነጥብ ያርሙት። ከዚያ አራት ባዶ ሃይላንድ በካሬ አቁመው በዙሪያቸው ይንዱ፣ ቀጥሎ በሁለቱ መካከል 8 ቁጥርን ይሥሩ። ስቲኩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ይያዙት፤ በአውራ ጣት ብቻ ሲገፋ ቁመቱና አግድሙ ይቀላቀላሉ፣ ሮቦቱም ይወላገዳል።

ከባዱ ሮቦቱ ወደ እርስዎ ሲመጣ ነው፤ የሱ ቀኝ የእርስዎ ግራ ይሆናል። ማሰቢያ ጊዜ ስለማይኖር ይህችን ብቻ ይያዙ፦ ወደ እርስዎ እየመጣ ወደየትኛው ጎንዎ ካፈነገጠ፣ ስቲኩን ወደዚያው ጎን ይግፉት፤ ይቃናል።

ስቲኩ መሃል አካባቢ በጣም ከቸኮለ «ዲዩዋል ሬት/ኤክስፖ» ውስጥ ኤክስፖውን (የስቲኩን መሃል የሚያለዝበውን) ወደ 30 ያድርጉ። ቁጥሩ ፕላስ ይሁን ማይነስ ለማወቅ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር ይዩ፤ መሃሉ ጋደል ጠፍጠፍ ካለ ልክ ነው፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ምልክቱን ይገልብጡ።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

በድንገት ሲነሣ ወይም ግድግዳ ሲገፋ ሁሉም ነገር ይጠፋና ይመለሳል። የሪሲቨሩ ቮልት ወርዷል። ሪሲቨሩ ከ4.0 ቮልት በታች አይሠራም። በእርምጃ 5 ያስታወሷትን ቁጥር ስክሪኑ ላይ እያዩ ጎማውን በጫማ ያዝ አድርገው ይሞክሩ፤ ከ5 ቮልት አካባቢ ዝቅ ዝቅ ካለች ቤኩ ደክሟል ወይም ባትሪው አልቋል። ለሪሲቨሩ የተለየ ዩቤክ ይፈታዋል፤ ያኔ ከኮንትሮለሩ የሚመጣውን ቀይ ገመድ መንቀል አይርሱ።

ቁጥሩ አይወርድም፣ ሮቦቱ ግን ይንቀጠቀጣል። የሞተር ጫጫታ ነው። የካፓሲተሮቹን ብየዳ ይዩ፣ የምልክት ገመዱን ከሞተር ገመዱ ጋር በአንድ ማሰሪያ አስረውት ከሆነ ይለዩት።

ሪሞቱ ይጮኻል። ባትሪ ድንጋዮቹ በድምሩ 4.2 ቮልት አካባቢ ደርሰዋል። «ትንሽ ልጨርስ» አይባልም፤ ሮቦቱን አቁመው ድንጋዩን ይቀይሩ። የሚሞሉትን የ1.2 ቮልት ዓይነት ከተጠቀሙ አራቱ ሲደመሩ 4.8 ብቻ ስለሆኑ ጩኸቱ ቶሎ ይመጣል።

አንዱ ጎን ጭራሽ አይሠራም። የሁለቱን ጎን ምልክት ሶኬት ሪሲቨሩ ላይ ያለዋውጡ። ችግሩ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ሪሞቱ ወይም ሪሲቨሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ሞተሩ፣ ብየዳው ወይም ኮንትሮለሩ ነው።

ፊውዙ ይቆረጣል። ትልቅ ፊውዝ አይተኩበት፣ ሽቦም አይጠምጥሙበት። የተላጠ ገመድ፣ ጸጉር የተጠመጠመበት ዘንግ ወይም የታሰረ የማርሽ ጥርስ ይፈልጉ።

ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ትሪሙም አልበቃውም። ሪሞቱን ይተዉትና ጎማዎቹን በእጅ ያዙሩ፤ አንዱ ከከበደ ብሎኑ ጠብቋል ወይም ዘንጉ ጎብጧል። በኤሌክትሮኒክስ የሚሸፈን የሜካኒክ ጉድለት ሞተር ያቃጥላል።

ሲጨርሱ

ሮቦቱን በዋናው ማብሪያ ያጥፉ፣ የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ ሪሞቱን። የቮልት ማንቂያውንም ከባትሪው ላይ ያንሱ፤ ትንሽ ትንሽ እየሳበ ተሰክቶ ከከረመ ባትሪውን ይገድለዋል። ሞተሮቹንና ኮንትሮለሩን በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ ለመያዝ የሚያቃጥሉ ከሆነ የመታጠፊያውን ቁጥር ይቀንሱ ወይም ትናንሽ ጎማ ያስገቡ። ከአንድ ሳምንት በላይ የማይነዱ ከሆነ ባትሪውን በቻርጀሩ «ስቶሬጅ» ምርጫ በሴል ወደ 3.8 ቮልት አምጥተው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም። የሪሞቱንም ድንጋዮች ያውጡ፤ ፈሳሻቸው ከወጣ የመያዣውን ስፕሪንግ ይበላዋል።